ነፋስን በሙቀት መለካት

በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን የአየር መጠን ከሚለኩት መሣሪያዎች አንዱ የሙቀት ዳሳሽ ወይም ሴንሰር ሲሆን፣ ፍል ቡና እፍ ሲሉት እንደሚበርደው ሁሉ በኤሌክትሪክ የሞቀችው የዳሳሹ ቀጭን ሽቦም አየሩ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ሙቀት ስለምታጣ፣ ሙቀቷን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኃይል የአየሩን ፍጥነት ያመለክታል፤ ይህንንም ግንኙነት የፊዚክስ ሊቁ ሉዊስ ኪንግ በ1914 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጦታል።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ዲላ፣ ይልቁንም ከእርሷ ከፍ በሚሉት የጌዴኦ ደጋማ ቦታዎች፣ አየሩ ስስ በመሆኑና ከሽቦዋ የሚወስደው ሙቀት ስለሚያንስ በባሕር ጠለል ልክ የተቃኘ ዳሳሽ ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳያል። ስለዚህ ባለሙያው ንባቡን ለከፍታው ማረም፣ አየር በቱቦው ግድግዳ አጠገብ ስለሚዘገይም በብዙ ነጥቦች ለክቶ አማካዩን በቱቦው የውስጥ ስፋት ማባዛት ይኖርበታል፤ በሆስፒታል ክፍል የሕሙማን ንጹሕ አየር የሚረጋገጠው በዚህ ጥንቃቄ ነውና።