ዳማ ከሴ፦ ትኩሳትን ማብረድና በሽታን ማዳን

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙ መንደሮች ትኩሳትና ራስ ምታት የጀመረው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ዳማ ከሴን ነው። ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው በቡና ተደርጎ ይጠጣል፤ የተረፈው ሰውነት ይታሽበታል። ሕዝቡ «የምች መድኃኒት» እያለ መጥራቱ ተክሉን ለምን እንደሚፈልገው በግልጽ ያሳያል። የኮቪድ-19 በሽታ ወደ አገር መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ግን ይኸው ቅጠል ከምች አልፎ በወቅቱ አዲስ የነበረው ወረርሽኝ መከላከያና ማዳኛ ነው ሲባል ተሰምቷል። ይህ አባባል ምን ያህል ማስረጃ አለው?

ዳማ ከሴ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል፤ ከበሶብላ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። በቁጥቋጦ መካከል በዱር ይበቅላል፤ በየጓሮውም ይተከላል። ጥቃቅን አበቦቹ በዘንጉ ዙሪያ በየደረጃው ይደረደራሉ። ጠንካራ ሽታው የሚመጣው በቅጠሉ ውስጥ ካለው ተናኝ ዘይት ነው።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከዳማ ከሴና ከአንድ የቅርብ ዘመዱ ቅጠል በውኃና በአልኮል የወሰዱትን ንጥር፣ ሙቀታቸው ሆን ተብሎ ከፍ እንዲል ለተደረጉ አይጦች ሰጥተዋል። ንጥሩ ትኩሳት የማብረድ ኃይል እንዳለው ታይቷል። እናቶች ለትውልድ ሲያስተላልፉት የኖሩት ልማድ እንግዲህ መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ ጥናቱ የመረመረው ሙቀትን ማውረዱን እንጂ ቫይረስን ማጥፋቱን አልነበረም። የተሞከረውም በአይጦች ላይ ነው፤ መጠኑም በሚዛን የተለካ እንጂ በእፍኝ የተገመተ አልነበረም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ትኩሳት ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን፣ ተሕዋስያን ወደ ሰውነት ሲገቡ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ፓራሲታሞልም ትኩሳት ያበርዳል፤ ነገር ግን ፓራሲታሞል ኮቪድ-19ን ያድናል የሚል የጤና ባለሙያ የለም።

በጣና ዙሪያ ይህን አለመለየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች ወባ የሚበረታባቸው ናቸው፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ሁሉ ምች ወይም ኮሮና ነው ማለት አይቻልም። የወባ ሕመምተኛ ምልክቱ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር ይኖርበታል። በዳማ ከሴ ሙቀቱ ለጊዜው የወረደለት ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቆይ ወባው ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። በኮቪድ-19 የታመመም ቢሆን ሙቀቱ እየቀነሰ ሳለ በደሙ ያለው ኦክስጅን ሳይታወቀው ሊያሽቆለቁል ይችላል። በወረርሽኙ ወቅት በየተቋሙ በር ላይ በሙቀት መለኪያ ተለክቶ «ደህና ነህ» የተባለው ሰው ትኩሳቱን አብርዶ የመጣ ከሆነም ቫይረሱን ይዞ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይሻል። ቅጠሉን አፍልቶ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጋቢ ሥር ተሸፍኖ መታጠን፣ ከመካከላቸው አንዱ ታማሚ ከሆነ በሽታውን ለሁሉም ማዳረስ ነው። የፈላው ውኃ ሕፃናትን የሚያቃጥልበት አጋጣሚም አለ። ከዳማ ከሴ ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀላቀለው ጤና አዳም ደግሞ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዲጠጡት አይመከርም።

«ጠጥቼ ዳንኩ» የሚለው ምስክርነት ለምን በቂ እንዳልሆነም መረዳት ያሻል። በኮቪድ-19 ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀላል ሆኖ ያለ ልዩ መድኃኒት ያገግማሉ። ስለዚህ አንድ መቶ ሰዎች ቅጠሉን ጠጥተው ቢድኑ፣ ሳይጠጡ ከዳኑ መቶ ሰዎች ጋር ካልተነጻጸሩ ያዳናቸው ቅጠሉ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትና የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የተሳተፉበት የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ያጸደቀው የምርምር ሥርዓት፣ የአፍሪካ ዕፅዋት በሰዎች ላይ የሚፈተኑበትን መንገድ ለማመቻቸት የወጣ ነው።

ባህላዊ ዕውቀት በዚህ መንገድ ሲያልፍ ምን እንደሚያፈራ በየጤና ኬላው ይታያል። ለወባ ሕሙማን የሚሰጠው ኮአርተም መነሻው ቻይናውያን ለትኩሳት ሲጠቀሙበት የኖሩት የአርቲሚሲያ ተክል ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ፍቱን ንጥረ ነገሩን የለየችው፣ ማፍላት እንደሚያበላሸው ጠርጥራ በአነስተኛ ሙቀት ማውጣት ከሞከረች በኋላ ነበር፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። ይኸው ተክል ቤት ውስጥ በሻይ መልክ ተፈልቶ ሲጠጣ የንጥረ ነገሩ መጠን ስለማይታወቅ የወባ መድኃኒትን አይተካም።

ዳማ ከሴን መጠቀም የለመደ ሰው መጠቀሙን ለጤና ባለሙያው ሳይደብቅ ይናገር። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ስሜት መጥፋት ያጋጠመው፣ ሙቀቱ በቅጠሉ ቢበርድለትም ራሱን ከቤተሰቡ ለይቶ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ በነፃ የስልክ መሥመር 8335 ያሳውቅ፤ የወባ ምርመራም ይጠይቅ። ለመተንፈስ የተቸገረ፣ ደረቱን የሚያስጨንቀው ወይም ራሱን የሚያስተው ሕመምተኛ ግን ቅጠል እስኪቀጠፍ ሳይጠበቅ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።