ሕጉ ያው፣ አቋሙ ሌላ፦ የፍሎሪዳና የሚሺጋን ተወካዮች ውዝግብ

በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩውን በአንድ ቀን ምርጫ አይለይም። ግዛቶች በየተራ «ፕራይመሪ» ወይም «ኮከስ» ያካሂዳሉ፤ ተፎካካሪዎችም ባገኙት ድምፅ መጠን ወደ ፓርቲው ጉባኤ የሚሄዱ ተወካዮች ይደርሷቸዋል። በጉባኤው አብላጫውን የያዘ ዕጩ ይሆናል። ስለዚህ «የየትኛው ግዛት ተወካዮች ይቆጠሩ?» የሚለው ክርክር ቀላል ነገር አይደለም።

ለ2008 እ.ኤ.አ. ምርጫ ፓርቲው ከአይዋ፣ ከኒው ሃምፕሸር፣ ከኔቫዳና ከሳውዝ ካሮላይና በስተቀር ማንም ከፌብሩዋሪ 5 በፊት እንዳይመርጥ ደነገገ። ሚሺጋን ለጃንዋሪ 15፣ ፍሎሪዳ ለጃንዋሪ 29 ቀን ቆረጡ። ፓርቲው የሁለቱንም ተወካዮች ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ቅጣቱን ደግፈው ድምፅ ከሰጡት የደንብ ኮሚቴ አባላት አንዱ የሂላሪ ክሊንተን አማካሪ ሃሮልድ ኢኪስ ነበሩ። ክሊንተንም የሚሺጋን ድምፅ እንደማይቆጠር አስቀድመው ተናግረዋል። ባራክ ኦባማ ስማቸውን ከሚሺጋን የድምፅ መስጫ ወረቀት አስወጡ፤ ክሊንተን ግን አላስወጡም።

ክሊንተን በሁለቱም ግዛቶች ቀደሙ። በጠቅላላ የተወካይ ቁጥር ወደ ኋላ ሲቀሩ ግን ኢኪስን ጨምሮ ወገናቸው «የሕዝብ ድምፅ ይቆጠር» አለ። የኦባማ ወገን ደግሞ «ደንብ ይከበር» አለ። ሜይ 31 ኮሚቴው እያንዳንዱ ተወካይ ግማሽ ድምፅ ይኑረው ብሎ አስታረቀ፤ የሚሺጋንን ተወካዮች 69 ለክሊንተን፣ 59 ለኦባማ አካፈለ። ኦባማ በጁን አሸናፊነታቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ በኦገስት የሁለቱ ግዛቶች ተወካዮች ሙሉ ድምፅ እንዲመለስላቸው ራሳቸው ጠየቁ፤ ተመለሰም።

ልብ በሉ፤ የሁለቱም ወገን መከራከሪያ ባዶ አልነበረም። በፍሎሪዳ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል፤ ቀኑን የቆረጠው ግን እሱ ሳይሆን በሪፐብሊካኖች የተያዘው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። በሌላ በኩል «አይቆጠርም» የተባለውን አምኖ ቤቱ የቀረ መራጭም አለ። የሚሺጋን የኦባማ ደጋፊም የዕጩውን ስም በወረቀቱ ላይ አላገኘም። ከውጤት በኋላ የሚለወጥ ደንብ እነዚህን ሰዎች ይበድላል።

አቋም መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ አዲስ ማስረጃ ሊያስለውጥ ይችላል። እዚህ ግን የተለወጠው የተወካዮች ሒሳብ ነው። በክፍል ተወካይ ምርጫም ቢሆን «ደንቡ ይሻሻል» የሚል ሲመጣ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይል ነበር? ይበልጥ የሚሻለው ደግሞ ደንቡን ማን እንደሚያሸንፍ ሳናውቅ ጽፈን መፈራረም ነው።