ዘጋቢ ፊልም በማን ድምፅ ይናገራል?

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ። ፊልሙን ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ለአገሩ ተመልካች የሠራው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነበር። ያን ምሽት የታየው ግን የዲምብልቢ ሥራ ብቻ አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩባቸውን ምስሎች አስገብቶበታል። የተራቡት ሰዎች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሰቆቃቸው የሚመሰክርለት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ተመልካቹን «እርዱ» ሲለው ሁለተኛው «ፍረዱ» አለው።

ዘጋቢ ፊልሞችን በየመልካቸው ለመመደብ የሚነሳ ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ይህ ታሪክ ይጠቁማል። በይዘታቸው ከለየናቸው ሁለቱም የረሃብ ፊልሞች ናቸውና ልዩነታቸው ይጠፋብናል። ልዩነቱ የሚወጣው ማን፣ ለማን፣ በምን ሥልጣን እንደሚናገር ስንጠይቅ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ምሁር ቢል ኒኮልስ ይህን የፊልሙ «ድምፅ» ይለዋል። የተራኪውን ንግግር ብቻ ማለቱ አይደለም። የምስሎቹ አመራረጥና ቅደም ተከተል፣ ሙዚቃው፣ ዝምታው ሳይቀር ተደማምረው ፊልሙ ስለሚያሳየው ዓለም የሚይዘውን አቋም ማለቱ ነው።

ከኒኮልስ በፊትም መዳቢዎች ነበሩ። ኤሪክ ባርኖው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው የዘጋቢ ፊልም ታሪክ ፊልም ሠሪዎችን አሳሽ፣ ሠዓሊ፣ ተሟጋች፣ ከሳሽ እያለ በያዙት ሚና ከፋፍሏቸዋል። በፊልም ትምህርት ቤቶች ሥር የሰደደው ግን የኒኮልስ ምደባ ነው። እሱም በየጊዜው እያደገ የመጣ ነው፤ በ1991 አራት የነበሩት ስልቶች በ1994 አምስት፣ በ2001 ስድስት ሆኑ።

ለኢትዮጵያ ተመልካች በጣም የሚቀርበው ገላጩ ስልት ነው። የማይታይ ተራኪ ሁሉን አውቆ ይናገራል፤ ምስሉ ቃሉን ለማስረዳት ይከተላል። ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን በ1930ዎቹ በብሪታንያ ያሳደገው ትምህርት ቤት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ሄዷል፤ ዓላማው ዜጋን ማስተማር ነበርና። የስልቱ ጥንካሬ ግልጽነቱ ነው። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል። ተራኪው ማን እንደሆነ፣ እውቀቱንም ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው ስለሌለ፣ ቃሉ ሲለወጥ ያው ምስል ለተቃራኒ ክስ ምስክር ይሆናል።

ታዛቢው ስልት የተወለደው ይህን ተራኪ ለማስወገድ ነው። በ1960 አካባቢ በትከሻ የሚያዙ ቀላል ካሜራዎችና ከምስሉ ጋር እኩል የሚቀዱ የድምፅ መሣሪያዎች ሲመጡ፣ ሮበርት ድሩና ባልደረቦቹ ኬኔዲና ሃምፍሬይ በዊስኮንሲን ያካሄዱትን የምርጫ ፉክክር ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ቀረጹ። ፍሬድሪክ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1967 በማሳቹሴትስ ስላለ የወንጀለኛ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የሠራው ፊልም ያለ ተራኪ፣ ያለ ቃለ መጠይቅ ይሄዳል። ያም ሆኖ ዋይዝማን ራሱ ሥራው ገለልተኛ ነው ብሎ አያውቅም። ከብዙ ሰዓት ቀረጻ ጥቂቱን የመረጠ ሰው ዝም ቢልም ተናግሯል።

ተሳታፊው ስልት ደግሞ ፊልም ሠሪውን ወደ መድረኩ ያወጣዋል። ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞረን በ1960 በጋ የፓሪስ ሰዎችን ደስተኞች መሆን አለመሆናቸውን እያስጠየቁ ቀረጹ፤ የተቀረጹትን ሰዎችም ሰብስበው ፊልሙን አሳይተው አስተያየታቸውን ተቀበሉ፤ ክርክሩም የፊልሙ ክፍል ሆነ። እዚህ ላይ ምደባው አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። በጥር 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም አቀረበ። የክስ ሂደታቸው ገና ያላለቀ እስረኞች በእስር ቤት ሆነው ሲናገሩ ይታያሉ። በቴክኒክ ከሄድን ቃለ መጠይቅ አለበት፤ ጠያቂና ተጠያቂ አሉ። ነገር ግን ተጠያቂው «አልመልስም» የማለት ነፃነት ከሌለው ተሳትፎ የቱ ላይ ነው? የእስረኛው ቃል የሚያገለግለው ገላጩን ተራኪ ነው፤ ለዚያውም ማስረጃ ተደርጎ። እንደኔ እምነት፣ ስልትን በካሜራ አያያዝና በቃለ መጠይቅ መኖር አለመኖር ብቻ የሚለይ ሰው የነገሩን ዋና ክፍል ይስተዋል። ካሜራው ፊት የቆመው ሰው ምን ማድረግ ይችል ነበር የሚለው መጠየቅ አለበት።

ሌላው የኒኮልስ ድክመት የዘመን ቅደም ተከተሉ ነው። ስልቶቹ አንዱ የሌላውን ጉድለት ለመሙላት እየመጣ ተተካኩ የሚል ስሜት ይሰጣል፤ የፊልምን አሠራር ራሱን የሚመረምረው ስልትም ኋላ ላይ የመጣ ይመስላል። ጂጋ ቬርቶቭ ግን እ.ኤ.አ. በ1929 በሠራው ፊልም ካሜራ ያዡን፣ ፊልም ቆራጯን፣ ሲኒማ ቤት የተቀመጠውን ተመልካች ሳይቀር አሳይቷል። ብሪታንያዊቷ ምሁር ስቴላ ብሩዚ በ2000 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን የዘር ሐረግ መሰል አካሄድ አጥብቃ ነቅፋለች። ነቀፋዋ ተገቢ ነው። ኒኮልስም ቢሆን አንድ ፊልም ብዙ ስልቶችን እንደሚቀላቅል አይክድም፤ የትኛው ገዝፎ ይታያል የሚለውን ነው የሚጠይቀው።

ይህ ጥያቄ ከእኛ ጋር ለተያያዙ ሁለት ፊልሞች በጣም ይጠቅማል። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» ስለ ጫት ነው። ሆኖም ስለ ጫት ንግድ የሚያስረዳ ተራኪ የለውም። በጥቁርና ነጭ ምስል፣ በሱፊ አፈ ታሪክ፣ በወጣቶች የስደት ሐሳብ መካከል ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ኒኮልስ ግጥማዊ የሚለው ስልት ይኸው ነው፤ መረጃ ፈልጎ የመጣ ተመልካች ይቸገር ይሆናል፣ የምርቃናውን ዝግታ ግን በሰውነቱ ይረዳዋል። ዓመታት የፈጀው የታዛቢ ትዕግሥት ከሥሩ ባይኖር ደግሞ ግጥሙ አይቆምም ነበር።

ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራችው «የወንዝ ማዕበል» ከደርግ ዘመን ትውልድ ታሪክ ጋር የደረሰባትን ሐዘን ያዛምዳል፤ ደብዛው የጠፋ ወንድምና የተገደለች የልብ ጓደኛ። ኒኮልስ ግላዊ ስሜትን የእውቀት በር የሚያደርገውን ስልት የለየው ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው። እዚህ ተራኪ አለች፣ የታሪክ መረጃ አለ፣ የቆዩ ምስሎች አሉ፤ ከገላጩ ፊልም የሚለያት መሣሪያው አይደለም። ሁሉን አውቃለሁ አትልም፤ የምትናገረው ከሞቱት ጋር ባላት ዝምድና ነው፣ ዝምድናዋንም ለተመልካቹ አትደብቅም። ስለ ቀይ ሽብር ብዙ አኃዝ ሰምቶ ያደገ ተመልካች ከዚህ ፊልም የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የወንድም መጥፋት ምን እንደሚመስል ከእህቱ አፍ ይሰማል።