ዝም ያለ እንሽላሊት ሁሉ ደህና ነው?

ውሻ ሲከፋው ያለቃቅሳል፤ የእንሽላሊት ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማም። ስሜቱን የሚናገረው በቆዳው፣ በአንገቱና በእግሩ ነው።

በምሠራበት የሜሪላንድ የእንስሳት ክሊኒክ ልጆች አቅፈው ከሚያመጧቸው እንሽላሊቶች በብዛት የማየው ቢርድድ ድራጎን የሚባለውን ነው። የዘር አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው።

ከአገጩ ሥር ያለው እሾሃማ ቆዳ ተነፍቶ ከጠቆረ ፈርቷል ወይም ተቆጥቷል ማለት ነው፤ በመራቢያ ወቅትም ወንዱ ያጠቁረዋል። ጥቂት ቆይቶ ከተመለሰ አያሳስብም። ጠቁሮ ከዋለና መብላት ካቆመ ግን የሚያስጨንቀው ነገር አለ። የፊት እግሩን አንስቶ በቀስታ ሲያወዛውዝ ደግሞ «ሰላም አለኝ» ብለው የሚደሰቱ አሉ። ይህ ግን ለሚፈራው ትልቅ እንሽላሊት «አልጣላህም፣ ተወኝ» የሚልበት ምልክት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ካለ ከጓደኛው ለይታችሁ ለየብቻ አኑሯቸው።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ሲኖረው ነው። አፉን ከፍቶ ተቀምጧል እንበል። ያለው ከማሞቂያ መብራቱ ሥር፣ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቀው ድንጋይ ላይ ከሆነ ትርፍ ሙቀት እያስወጣ ነው፤ እንሽላሊት አያልበውምና። ቀዝቃዛው ጥግ ላይ ሆኖ አፉን ከከፈተ፣ ጎኑ በኃይል ከተነፋፋና አፍንጫው ላይ ዝልግልግ ነገር ከታየ ግን የሳንባ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ለዚህ ነው ስልክ ለሚደውሉ ሰዎች መጀመሪያ «የቱ ጋ ነው የተቀመጠው? ቴርሞሜትሩስ ስንት ይላል?» የምላቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዓይኑ ነገር ነው። ልጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ሲደባብሰው ይጨፍናል፤ ቤተሰቡም «ደስ ብሎት ነው» ይላል። ሰውነቱ ላላ ካለ እውነት ሊሆን ይችላል። ከተገተረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነና እጅ ሲነሳለት ወዲያው ከገለጠ ግን የጨፈነው ጨንቆት ነው። ያን ጊዜ ወደ ቤቱ መልሱት።

እግሩ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ነገሩ ከጭንቀት ያልፋል፤ የካልሲየም እጥረት አጥንቱን እየጎዳው ሊሆን ይችላል። ካልሲየሙን እንዲጠቀም የሚረዳው የዩቪቢ (አልትራቫዮሌት ቢ) መብራት እየበራም ጨረሩ ስለሚደክም አምራቹ በወሰነው ጊዜ ቀይሩት።

እንሽላሊታችሁ ጤነኛ ሳለ የሆዱንና የአገጩን ቀለም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ሐኪሙ ዘንድ ስትመጡ ምን እንደተለወጠ የሚያሳየው እሱ ነው።