«አልጋ» እና «ቤድ» ሲለያዩ

ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ለመዝናናት ስንሄድ «አልጋ ይዣለሁ» እንላለን፤ ክፍል ማለታችን እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ለዱባይ ሆቴል «ቱ ቤድስ» ብለው ቢጽፉ ግን ሊያዝልዎ የሚችለው ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ነው። ልጆችና አማትዎን ይዘው ከደረሱ በኋላ ሁለተኛ ክፍል መፈለግ፣ ያውም በበዓል ሰሞን፣ ኪስ ይጎዳል። ሁለት ክፍል ከፈለጉ «ቱ ሩምስ» ይበሉ።

«ቤድ» የሚለው ቃል ቦታው ሌላ ነው። «ደብል» ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ሰፊ አልጋ ሲሆን «ትዊን» ሁለት ነጠላ አልጋ ነው። ለልጅ ተጨማሪ ሲፈልጉ «ኤክስትራ ቤድ» ይጠይቁ። ለሕፃን እንግሊዞች «ኮት» የሚሉትን አሜሪካኖች «ክሪብ» ይሉታል። አሜሪካ ሄደው «ኮት» ካሉ ተጣጣፊ አልጋ ሊመጣልዎ ይችላል!

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ሆቴል የሚቆጥረው ሌሊቱን ነው። አውሮፕላንዎ ጁላይ 15 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚያርፍ ከሆነ ክፍሉን ከጁላይ 14 ጀምሮ ይያዙ። «ከ15 ጀምሮ» ካሉ ክፍሉን የሚረከቡት ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ልጆች ሶፋ ላይ ያንቀላፋሉ። በ14 ሲይዙም «ሌት አራይቫል» ብለው ያሳውቁ። አለበለዚያ «ኖ ሾው» ማለትም የቀረ እንግዳ ተብለው ክፍሉ ሊሰረዝ፣ ገንዘቡም ሊቀር ይችላል።

ስለ ምግብ፦ «ሃፍ ቦርድ» አብዛኛውን ጊዜ ቁርስና እራት ነው፤ «ፉል ቦርድ» ምሳን ይጨምራል። መጠጥ ለብቻው ይከፈላል ብለው ይዘጋጁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ከዋጋ ፊት የምትቀመጠውን «ፍሮም» በደንብ አውቃታለሁ፤ የተጻፈው የርካሹ ክፍል ዋጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «ፕላስ ፕላስ» የሚባል አለ፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ገና ይጨመራል ማለት ነው። 5,000 ብር ያሉት ክፍል 6,325 ብር ይሆናል። «ነን ሪፈንደብል» የሚል ካዩም ቢቀሩ ገንዘቡ አይመለስም። ልጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ጨምሮም ቢሆን «ፍሪ ካንስሌሽን» የሚለውን ቢመርጥ ይሻላል፤ የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ግን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ።