የአየር መግቢያና የጭስ ማውጫ አለመመጣጠን፦ የቦስ 302 ሞተር

እ.ኤ.አ. በ1969 ለትራንስ-አም ውድድር ብቁ እንዲሆኑ ለገበያ የቀረቡት የፎርድ ቦስ 302 እና የሸቭሮሌት ካማሮ ዜድ/28 ሞተሮች ሁለቱም 302 ኪዩቢክ ኢንች ይዘት ነበራቸው፤ ፋብሪካዎቹ የገለጹትም ኃይል እኩል 290 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ አኃዝ ግን ለንጽጽር አይበቃም፤ ልዩነቱ ያለው ቴስታታው ላይ ነውና።

የሸቭሮሌት ቫልቮች በአንድ መስመር የተሰለፉ ሲሆኑ፣ የመግቢያው ቫልቭ ስፋት 2.02 ኢንች ነው። ፎርድ ቫልቮቹን ወደ ጎን በማዘንበል 2.23 ኢንች ለሚሰፋ መግቢያ ቦታ አገኘ፤ ቫልቩም ሲከፈት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚርቅ አየሩ ያለ ከልካይ ይገባል። ትርፉ የሚታየው ግን በከፍተኛ ዙር ነው። በዝቅተኛ ዙር የሚሳበው አየር ጥቂት ስለሆነ በሰፊው ቦይ ውስጥ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም በወጉ አይደባለቅም። በ1970 ቫልቩ ወደ 2.19 ኢንች መጥበቡ በከፊል ይህንኑ ለማረም ይመስላል።

የጭስ ማውጫው ጉድለት ከዚህ የባሰ ነው። ቦዩ ቫልቩን እንዳለፈ በድንገት ወደ ታች ስለሚታጠፍ፣ ጋዙ የመታጠፊያውን ውስጠኛ ጠርዝ መከተል ይሳነዋል። ተመሳሳይ ቴስታታ ባለው 351 ክሊቭላንድ የሚወዳደሩ ባለሙያዎች የማውጫውን ክፍል ቆርጠው፣ ቦዩን ከፍ የሚያደርግ ብረት በምትኩ ያስሩ ነበር።