ፍራን ቦው፦ ሃያሲዎች ያመነቱባት፣ ተጫዋቾች የወደዷት ልጅ

«ጨርሼዋለሁ፤ ግን ምን እንደጨረስኩ አልገባኝም።»

ስለ «ፍራን ቦው» ጌም ስጠይቀው ጓደኛዬ የመለሰልኝ እንዲህ ብሎ ነው። «ታዲያ አይረባም ማለት ነው?» ስለው ተቆጣ። «ማን አለህ? የግድ ተጫወተው እንጂ!» ከ10 ስንት እንደሚሰጠው ስጠይቀው ግን ትከሻውን ሰበቀ።

ጌሙን ተጫውቼ ከጨረስኩ በኋላ ሰዎች የጻፉበትን አስተያየት ማንበብ ጀመርኩ። የጓደኛዬ መልስ የብዙ ሰው መልስ ሆኖ አገኘሁት። ሃያሲዎች «ጥሩ ነው፣ ግን…» ይላሉ። ተጫዋቾች ደግሞ «ግን» የምትለዋን ቃል ትተው ልባቸውን ሰጥተውታል። ለምን? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው። አጨራረሱን አልነግራችሁም፤ አትስጉ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። «ፍራን ቦው» እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጌም ነው። የሠሩት ናታሊያ ፊጌሮአ እና ኢሳክ ማርቲንሶን የተባሉ፣ ስዊድን ውስጥ «ኪልመንዴይ ጌምስ» በሚል ስም የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ትልቅ ኩባንያ ከኋላቸው አልነበረም፤ ኢንዲጎጎ በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበዋል።

የታሪኩ ዘመን 1944 ነው። ፍራን የ10 ዓመት ልጅ ናት። አንድ ሌሊት ወላጆቿን ተገድለው ታገኛቸዋለች። ሚስተር ሚድናይት የተባለውን ጥቁር ድመቷን አቅፋ ወደ ጫካ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ የምናገኛት ኦስዋልድ በተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ማቆያ ውስጥ ነው። ድመቷ የለም። ማን ወላጆቿን እንደገደለ አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ቢኖር ድመቷን አግኝታ አክስቷ ግሬስ ቤት መሄድ ብቻ ነው።

አጨዋወቱ «ፖይንት ኤንድ ክሊክ» የሚባለው ነው። ተኩስ የለም፣ ፍጥነት አይጠይቅም። ክፍሉን ታያላችሁ፣ ዕቃ ትነካላችሁ፣ ያገኛችሁትን ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ሌላ ቦታ ትሞክሩታላችሁ፣ ከሰው ጋር ታወራላችሁ። ይሄ ዓይነቱ ጌም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ማውስ የገነነ ነው። ስማርት ስልክ ሲመጣ ጣት የማውሱን ቦታ ያዘ። ለዚህ ነው ስልክ ላይ እንግዳ የማይሆንባችሁ።

የጌሙ ዋና ፈጠራ አንድ ክኒን ነው። «ዱኦቲን» ይባላል። ፍራን ስትውጠው ያው ክፍል ይለወጣል፤ ግድግዳው ደም ይሆናል፣ ጥላ የመሰሉ ፍጥረቶች ይታያሉ፣ ቅድም ያልነበረ ጽሑፍ ወይም ዕቃ ብቅ ይላል። እንቆቅልሹን ለመፍታት ማየት የማትፈልጉትን ነገር ማየት አለባችሁ። ማለፍ ከፈለጋችሁ ክኒኑን የምትውጡት በገዛ ጣታችሁ ነው። አስፈሪነቱም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሃያሲዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሥዕሉና ድባቡ። በእጅ የተሣለ የልጆች መጽሐፍ ይመስላል፤ ያ የልጅ ሥዕል ደም ሲነካው የበለጠ ይከብዳል። ፍራንም ራሷ ተወዳጅ ናት። ጨዋ ናት፣ ግልጽ ናት፣ አስቀያሚውን ነገር በልጅ አንደበት ትናገረዋለች።

ቅሬታቸውም አለ። የመጀመሪያው ስለ ታሪኩ ነው። ጌሙ አምስት ምዕራፎች አሉት። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ማን ገደለ? ይህቺ ልጅ የምታየው እውነት ነው ወይስ ሕመም? ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ኢተርስታ ወደተባለ ተረት የመሰለ ዓለም እንገባለን። ክኒኑ ቀርቶ ወቅቶችን የሚቀያይር ሰዓት ይመጣል። ከዚያ በኋላ አዳዲስ ፍጥረታትና አዳዲስ ስሞች ይደራረባሉ፤ የግድያው ጥያቄ ወደ ኋላ ይገፋል። መጨረሻው ሲመጣ ደግሞ ብዙው ነገር ሳይፈታ ይቀራል። ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሚኒ ጌሞቹ ነው፤ ታሪኩን ከማቋረጥ በቀር እምብዛም የሚጨምሩት የለም ይሏቸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ በሁለቱም እስማማለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ለሦስት ቀን አልተመለስኩበትም።

ታዲያ ተጫዋቾች ለምን ወደዱት? ስቲም ላይ ያለው ደረጃ ከሁሉም ከፍተኛው ነው፤ ማለትም ከ100 ገምጋሚ ቢያንስ 95ቱ «እመክራለሁ» ብለዋል። የሃያሲዎችን ነጥብ የሚያማክለው ሜታክሪቲክ ላይ ግን ውጤቱ ከዚህ በብዙ ዝቅ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር አይለኩም። ሃያሲ ነጥብ ይሰጣል፦ ሥዕሉ ይሄን ያህል፣ ታሪኩ ይሄን ያህል ብሎ። ስቲም ላይ ግን ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ከ10 ሰባት የሚሰጠው ሰውም፣ አስር የሚሰጠውም፣ ሁለቱም አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ 95 በመቶ ማለት «ጌሙ 95 አገኘ» ማለት አይደለም። «የገዛው ሰው አልተጸጸተም» ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሃያሲ የተሰጠውን ይጫወታል። ተጫዋቹ ግን መርጦ ነው የሚመጣው። ብዙው ዩቲዩብ ላይ አይቶ፣ ሥዕሉን ወዶ፣ ጨለማ ታሪክ እንደሆነ እያወቀ ነው የሚገዛው። ደም የሚጠላ ሰው መጀመሪያውኑ አይገዛውም፤ ስለዚህ አስተያየቱም አይቆጠርም።

ይሄን ሁሉ ከቀነስን በኋላም ግን የሚቀር ነገር አለ። ሃያሲው ጉድለት ያለውን ቦታ ተጫዋቹ ቤት ሠርቶበታል። መጨረሻው ስላልተፈታ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዱ «ሁሉም በጭንቅላቷ ውስጥ ነው» ይላል፣ ሌላው «አይደለም፣ ያ ዓለም እውነት ነው» ይላል። እኔና ጓደኛዬም ሁለት ማኪያቶ እስኪያልቅ ተከራክረናል። ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ምን እናወራ ነበር?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ጌሙን እንዲያይልኝ ያሳየሁት አንድ የቅርብ ሰው አለ፤ እህቱ ለዓመታት የአእምሮ ሕክምና ላይ ናት። ክኒኑ ጋ ሲደርስ ስልኩን መለሰልኝ። «እቤት ስንት ለምነን ነው መድኃኒቷን የምትውጠው። ይሄ ደግሞ ክኒን ከዋጥክ ጭራቅ ታያለህ ይላል» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኛ አገር የአእምሮ ሆስፒታል ስም ለቀልድና ለስድብ የሚውል ነው። የታመመን ሰው ደብቀን እናስቀምጣለን። ሐኪሙን ጨካኝ፣ ማቆያውን እስር ቤት፣ መድኃኒቱን መርዝ አድርጎ የሚያሳይ ጌም ሲመጣ፣ ያንን ፍርሃት የሚያጸናብን መሆኑን መካድ አይቻልም።

በሌላ በኩል፣ ታሪኩ በ1940ዎቹ ነው የተቀመጠው፤ በዚያ ዘመን የነበረው አያያዝ በእርግጥም ብዙ ጭካኔ ነበረበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍራን መሳቂያ አይደለችም፣ ማስፈራሪያም አይደለችም። አብረናት ነው የምንሄደው። ሌሎቹ «አበደች» ሲሏት እኛ ስሟን እናውቃለን፣ ድመቷን እናውቃለን፣ ምን እንዳጣች እናውቃለን። የታመመ ገጸ ባሕርይ ጭራቅ በሚሆንባቸው ጌሞች መካከል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅነታቸውን ሲያስታውሱ ራሳቸውን በእሷ ውስጥ እንዳዩ የሚጽፉ ተጫዋቾች ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። የወዳጄ ቅሬታ ግን አሁንም በቦታው ነው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልበል። ለልጆች አይደለም፤ ሥዕሉ እንዳያታልላችሁ። የሞተ ሰው፣ የተጎዱ ሕፃናትና ብዙ ደም አለበት። ስለዚህ ታናናሾቻችሁ ስልካችሁን የሚነኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። ንግግሩ የሚነበብ ነው፤ እንግሊዝኛውን እየዘለላችሁ ከተጫወታችሁ የምታገኙት ግማሹን ነው። ስልክ ላይ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ስለወጣ የመጀመሪያውን ሞክራችሁ ካልተስማማችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ደግሞም፣ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ዱኦቲን ፈጠራ መሆኑን አትርሱ። የሐኪምን ክኒን ጌም አያስጀምረውም፣ አያስቆመውም።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ፣ እኔም እንደ ጓደኛዬ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሙሉ ነጥብ የሰጠኋቸው ብዙ ጌሞች ስማቸው እንኳን ጠፍቶኛል። ፍራንን ግን አልረሳኋትም።

እናንተስ? የተጫወታችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፦ ያ ዓለም እውነት ነው ወይስ በጭንቅላቷ ውስጥ?